ከመቀነት በታች ላለ ሕመም የተጻፈ ጥያቄ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንዲት ሴት ራሷን ሲያማት ለባሏ ትነግራለች፤ ሆዷን ሲቆርጣት ጎረቤቷን ትጠራለች። ከመቀነቷ በታች ሲያማት ግን ዝም ትላለች። ዝምታው ዐሥር ዓመትም ሃያ ዓመትም ይዘልቃል። እኔ የቡሬ ገጠር ተወላጅ ነኝ፤ አዋላጅ ነርስ ሆኜ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ሳዋልድ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ይህን ዝምታ ለመስበር ሲባል በየዘመኑ የቀረቡትን ጥያቄዎች ታሪክ ነው፤ ማን ጠየቀ፣ በምን አንደበት ጠየቀ፣ ጥያቄውስ ለተጠየቀችው ሴት ገባት ወይ የሚለውን።

ሕመሙ አንድ ዓይነት አይደለም። ማህፀን ዝቅ ይላል፣ ሲብስም ደጅ ይወጣል። ሴትየዋ ስትስል ወይም ሸክም ስታነሣ ሽንት ያመልጣታል። ምጥ ለቀናት ሲታገት ደግሞ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ሥጋ ተጭኖ ደም ይከለክለዋል፤ ሥጋው ይሞትና በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንት ቀን ከሌት ይፈሳል። ፊስቱላ የምንለው ይህን ነው። ሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና ዐይነ ምድር መውጫውን ከሥር ደግፎ የያዘው የጡንቻ ወለል ሲላላ ወይም ሲጎዳ የሚመጣውን ችግር ሐኪሞች በአንድ ላይ የዳሌ ወለል ሕመም ይሉታል።

ለዚህ የሚዳርገውን ነገር አገራችን ያውቀዋል። ልጅቱ ሰውነቷ ሳይጠና ትዳራለች፤ ደጋግማ ትወልዳለች፤ ከወንዝ እስከ ቤት ዳገቱን ውሃ ተሸክማ ትወጣለች፤ እንጨት ትሸከማለች፤ በአረም ጊዜ ጎንበስ ብላ ትውላለች። በባህላችን አራስ ልትታረስ ይገባታል። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እናት ገንፎዋን እየበላች ቤት ትቆያለች ነው ሥርዓቱ። ነገር ግን እናቷ በሩቅ ያለች፣ ልጆቿ ያልደረሱላት፣ ቤቷ ውሃ የሚቀዳላት ሰው የሌላት ሴት ይህን ዕረፍት አታገኝም። በተለይ አጨዳ ከደረሰ ከሰነበተችበት መደብ ተነሥታ ማድጋዋን ታነሣለች። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ሕመማቸው የጀመረበትን ቀን የሚያስታውሱት በወር ስም አይደለም፤ «ጤፍ ሲታጨድ ወልጄ»፣ «በርበሬ ሲለቀም ተነሥቼ» ነው የሚሉት።

ድሮ ይህን ሕመም የሚጠይቅ ማን ነበር? የመንደሩ የልምድ አዋላጅ ነበረች። ያዋለደቻትን አራስ ለመጠየቅ ትመጣለች፤ እሳት ዳር ትቀመጣለች፤ ገንፎው ላይ ቅቤ ትጨምርላታለች። ከዚያ ወሬ እያወራች ጣል ታደርጋለች፦ «ተነሥተሽ ሄድሽ ወይ? ውሃስ ቀዳሽ? ወገብሽ ጸና?» ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት ዋናዋ። ስለ ወገብ የተጠየቀ ይመስላል፤ የተጠየቀችው ሴት ግን ስለ ምን እንደተጠየቀች ታውቃለች። «አልጸናም» ካለች አዋላጇ ሰው ታስወጣለች፤ ታያለች፤ በቅቤ አሽታ ትመልሳለች፤ መቀነት አጥብቃ ታስራለች። ፀበል የሚሄድም ነበረ፣ ለንስሐ አባቷ የምትናገርም ነበረች። ሕክምናው ብዙ ጊዜ አልፈወሰም። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነበረ። አጭር ነው፣ አያሳፍርም፣ መልሱ ደግሞ በተጠያቂዋ እጅ ነው፤ ካልፈለገች ስለ ወገቧ ብቻ መልሳ ማለፍ ትችላለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ የታተመ ቅጽ አይቻለሁ፤ ያችን የምታህል ጥያቄ አላጋጠመችኝም።

ከዚያ ዘመናዊው ሕክምና መጣ። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ማሠልጠን ጀመረ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበረ የታካሚ ካርዱም በእንግሊዝኛ ሆነ፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው። ሴትየዋ «ማህፀኔ ወጣብኝ፣ መቀመጥ ተሳነኝ» ትላለች፤ ነርሷ ሰምታ በእንግሊዝኛ አሳጥራ ትጽፋለች። ካርዱ ላይ የሰፈረው ሕመም ትክክል ነው። መቀመጥ እንደተሳናት ግን ካርዱ ላይ የለም። ቡና ስትጠራ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠጥታ መሄዷ፣ ሰንበቴ መቅረቷ፣ ባሏ መደቡን ለይቶ መተኛቱ የለም። ኑሮዋን የሚጠይቅ ቦታ ካርዱ አልነበረውም።

በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም በሦስት ዓመት ውል ከአውስትራሊያ መጡ። ሦስቱ ዓመት ዕድሜ ልክ ሆነ። ፊስቱላ ይዟቸው ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጡትን ሴቶች ባዩ ጊዜ ቀዶ ሕክምናውን አጥንተው ጀመሩት፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። በዘመናቸው ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች እነሱ በመሠረቱት ድርጅት ታክመዋል። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። ለእኛ አካባቢ ግን ትልቁ ነገር በአውሮፓውያን 2005 የባሕር ዳሩ ማዕከል መከፈቱ ነው። ከዚያ በፊት የቡሬ ሴት አዲስ አበባ ለመድረስ የዓባይን በረሃ ወርዳ መውጣት ነበረባት፤ ሽንቷ የሚሸት ሴት አውቶቡስ ውስጥ ምን እንደሚገጥማት አንባቢ ይገምተው። ባሕር ዳር ግን በግማሽ ቀን የሚደረስ ነው።

በፊስቱላ ጊዜ ጥያቄ ብዙ አያስፈልግም ነበር። የሚፈስ ነገር ይታያል፣ ይሸታል፤ ሴትየዋም በር ላይ ቆማ «ሽንቴ አልቋጠር አለኝ» ካለች በቃ። ችግሩ የጠነከረው ወደ ሌሎቹ ሕመሞች ሲመጣ ነው። የወጣ ማህፀን በቀሚስ ይሸፈናል። ስትስቅ የሚያመልጥ ሽንት በጨርቅ ይደበቃል። እነዚህ ካልተጠየቁ አይገኙም።

እዚህ ላይ ስለ ፊደል መናገር ግድ ይለኛል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ፤ ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። የእኛ ቀበሌ ሴቶች ከሰዓት በኋላ፣ የቤት ሥራ ጋብ ሲል፣ ከዛፍ ሥር ይሰበሰቡ ነበር። አክስቴ ከነሱ አንዷ ናት። ስሟን መጻፍ ቻለች፤ የቀበሌ ማስታወቂያም እየጎተተች ታነባለች። ሰርተፊኬቷን በመስቀሉ ሥዕል አጠገብ ሰቅላው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሚነበብ ነገር ቤቷ አልገባም። ጋዜጣ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ደብዳቤ የሚጽፍላት ልጅም አልነበራትም። እኔ ነርስ ሆኜ በተመለስሁ ጊዜ የክኒን ካርድ ሰጥቻት ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራች ቆየች፤ ቃሉ ግን አልገጠመላትም። ካርዱን መልሳ ሰጠችኝና «አንቺ አንብቢልኝ፣ ከአፍሽ ይገባኛል» አለችኝ። ዘመቻው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እኔን ትምህርት ቤት የላከችኝ ያችው ሰርተፊኬት የያዘች አክስቴ ናት። ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ ሆኖ አይቀርም ማለቴ ነው።

ይህን ለምን እንዳነሣሁት ቁጥሩ ይናገራል። በአውሮፓውያን 2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ናቸው ተብሏል። ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ ብዙ ሰው አያውቅም። ጠያቂዋ ዝቅተኛ ትምህርት ላላት ሴት አንድ ካርድ ታሳያለች። ካርዱ ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለ፤ በዓለም አቀፉ ናሙና ውስጥ ያሉት «ወላጆች ልጆቻቸውን ይወዳሉ»፣ «እርሻ ከባድ ሥራ ነው» የሚሉ ዓይነት ናቸው። ሴትየዋ ሙሉውን ካነበበች አንባቢ ናት፤ ከፊሉን ካነበበችም አንባቢ ተብላ ትመዘገባለች። ታዲያ «እርሻ» የሚለውን አንብባ «ከባድ» ላይ የቆመች ሴት ስለ ገዛ ሰውነቷ ሁለት ገጽ ቅጽ ተሰጥቷት ሞልታ ትመልሳለች ብሎ ማሰብ አይቻልም። የእኛ አገር የጤና መጠይቅ ከመጀመሪያው የሚነበብላት እንጂ የምታነበው ወረቀት ሆኖ አያውቅም።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ልጆች ተመደቡ፤ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ የዚያው አካባቢ ልጆች። የሚሞሉት የቤተሰብ ማኅደር በአማርኛ ነው፤ ጠያቂዋም የጎረቤት ልጅ ናት። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበረ። ክትባቱ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያው፣ መጸዳጃ ቤቱ ሁሉ ተጠየቀ። የእናቷ እኩያ የሆነች ሴት ግን ስለ ማህፀኗ ለጎረቤት ልጅ መናገር ከበዳት፤ ነገ ምንጭ ላይ ትገናኛታለችና። በአውሮፓውያን 2005 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፊስቱላ ጠይቆ ነበር፤ ከወለዱት ሴቶች 1 በመቶ ያህሉ ደርሶብናል አሉ። ከሩቅ ለመጣች፣ ዳግም ለማታያት ጠያቂ መናገር ለአንዳንዷ ይቀላል፤ ለሌላዋ ደግሞ ይብሳል።

ከጎንደር ሰሜን ባለችው በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉትንና በአውሮፓውያን 2013 የታተመውን ጥናት ሳነብ ልቤ ተነካ። ሴቶቹን በቃል ጠየቋቸው፤ ፈቃደኛ የሆኑትን ደግሞ መረመሯቸው። በምርመራ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሲጠየቁ የሚወርድ ነገር አለ ያሉት ግን ጥቂቶች ነበሩ። አንዱ ምክንያት ሕክምናዊ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ያለ ማህፀን ብዙ ጊዜ አይሰማም። እኔ በሥራ ካየሁት ተነሥቼ ግን ሌላም አለ እላለሁ፦ የሚሰማት ሴት «ይህም ይጠየቃል እንዴ? የሴት ዕጣ አይደለም ወይ?» ብላ ታልፈዋለች።

መጠይቆቹ የሚመጡት ከሩቅ ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ማቲው ባርበርና ባልደረቦቹ በአውሮፓውያን 2001 ሁለት ረጃጅም መጠይቆች አዘጋጁ፤ በ2005 አሳጠሯቸው። አንደኛው 20 ጥያቄ አለው፤ የሚሰማሽ ምንድን ነው ይላል። ሁለተኛው 7 ጥያቄ አለው፤ ሕመሙ ከምን ከለከለሽ ይላል። በዚያው በ2005 ለንደን ውስጥ ዶክተር ዲጄሱና ባልደረቦቻቸው ለማህፀን መውጣት ብቻ የሚሆን 20 ጥያቄ ያለው የኑሮ ጥራት መጠይቅ አወጡ። ሁሉም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ ካርዱ የረሳውን የሴትየዋን ኑሮ ወደ ሐኪሙ ፊት ያመጡ እነሱ ናቸው። ግን ባለ 7 ጥያቄው ከሚጠይቀው ጥቂቱን ተመልከቱ። ዋና መዋኘት ይከለክልሻል ወይ? ሲኒማ ወይም ኮንሰርት መሄድስ? በመኪና ወይም በአውቶቡስ ከ30 ደቂቃ በላይ መጓዝስ? የለንደኑ መጠይቅ ደግሞ ለድጋፍ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ትለብሻለሽ ወይ ይላል።

ይህን ለጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ ሴት ያለ ለውጥ ቢያነቡላት እነዚህን «አይከለክለኝም» ብላ ትመልሳለች፤ ሲኒማ ሄዳ አታውቅምና። በእነዚህ ጥያቄዎች መሠረት ጤነኛ ናት ማለት ነው። እሷን የከለከላት ሌላ ነው። ምጣድ ፊት ቁጢጥ ብላ እንጀራ መጋገር አትችልም። ስታርም ጎንበስ ስትል ይወርዳል። ማድጋ ስታነሣ አንድ እጇን ወደ ታች ትሰዳለች። ቅዳሴ ቆማ አትጨርስም፤ ሽንት ያመለጣት እንደሆነ ደግሞ ንጹሕ አይደለሁም ብላ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቀራለች፤ ቁርባኗ ይቀርባታል። ማኅበር ማውጣት ትፈራለች። የውስጥ ሱሪ ፈንታ መቀነቷን ሁለት ዙር አጥብቃ ታስራለች፤ ከሥሩ አሮጌ ጨርቅ ታደርጋለች። ይህን የሚጠይቅ ቅጽ ሕመሟን ያገኛል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። እነዚያው መጠይቆች ወደ ስፔንኛ ሲመለሱ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል። በአሜሪካ የሚኖሩ፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ገጠር የመጡ ስፔንኛ ተናጋሪ እናቶች ቅጹ በቋንቋቸው ቢሰጣቸውም ጽሑፉ ከትምህርታቸው በላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ አገር ለታካሚ የሚሰጥ ጽሑፍ ከ6ኛ ክፍል ደረጃ እንዳይበልጥ ይመከራል። ደረጃውን የሚለኩበትም ቀመር አላቸው። ሩዶልፍ ፍሌሽ በአውሮፓውያን 1948 ለእንግሊዝኛ ያወጣው ዓረፍተ ነገሩ ስንት ቃል እንዳለው፣ ቃሉም ስንት ክፍለ ቃል እንዳለው ይቆጥራል፤ ረዥም ከሆነ ከባድ ነው ይላል። የስፔንኛ ቃላት በተፈጥሯቸው ስለሚረዝሙ ፌርናንዴዝ ኡኤርታ በ1959 ቀመሩን ለስፔንኛ አስተካከለው።  በ2008 ደግሞ ኢኔስ ባሪዮና ባልደረቦቿ ለጤና ጽሑፎች የሚሆን የስፔንኛ መመዘኛ ሠሩ። እንግዲህ እዚያ አንድ ተመራማሪ መጠይቁን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ «ይህ ለ6ኛ ክፍል ነው፣ ይህ ለ10ኛ ነው» ማለት ይችላል።

ይህ ቀመር ለአማርኛ ቢመጣ ምን ይሆናል? «አያስቸግርሽም» የሚለውን ቃል ውሰዱት። 8 ፊደል አለው፤ ማን፣ ማንን፣ መቼ፣ አዎንታና አሉታ ሁሉ በአንድ ታጭቆበታል። ቀመሩ ከባድ ነው ይለዋል። የቡሬ የአምስት ዓመት ሕፃን ግን ይረዳዋል። «ውስንነት» የሚለው ደግሞ 5 ፊደል ብቻ ነው፤ ቀመሩ ቀላል ነው ይለዋል። ለአክስቴ ግን «የማኅበራዊ ኑሮ ውስንነት አለብሽ ወይ?» ቢባል በሌላ ቋንቋ የተጠየቀች ያህል ነው። በአማርኛ የቃል ርዝመት የሚመጣው ከሰዋስው ነው፤ ክብደቱ የሚመጣው ከቢሮ ነው። የቢሮ አማርኛ አጭርም ሆኖ ገጠር ውስጥ አይሰማም። ስለዚህ ፊደል መቁጠር ለእኛ አይበጅም፤ ጆሮ ነው መለኪያው።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባለሙያዎች የለንደኑን መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሰው፣ ከታካሚ ሴቶች ጋር ፈትነው በአውሮፓውያን 2019 ሥራቸውን አሳትመዋል። ሥራው ልፋት አለው። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተረጉማል፤ ይታረቃል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ባለሙያዎች ተሰብስበው ያነጻጽራሉ፤ ከዚያ ጥቂት ሴቶች ተጠይቀው የገባቸውና ያልገባቸው ይለያል። ከዚያ ወዲያ በቁጥር ይመዘናል፤ የታመመችው ሴት ነጥብ ካልታመመችው መለየቱ፣ ዛሬ የመለሰችውን ከቀናት በኋላ መድገሟ ይታያል። ይህን ለሠሩት ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ከዚያ በፊት በአማርኛ የተፈተነ እንዲህ ያለ መጠይቅ በእጄ አልገባም ነበር።

የተፈተነ ወረቀትም ቢሆን ግን ከጠያቂዋ አፍ ወደ ተጠያቂዋ ጆሮ መድረስ አለበት፤ ያ ጉዞ በወረቀቱ ላይ አይታይም። ከማንኩሳ በኩል የመጡ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል፤ ስማቸውን አልጽፍም። የዚያ መጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ የአጠቃላይ ጤና ነው። «ጤናዎ በአሁኑ ሰዓት እንዴት ነው?» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከአምስቱ ምርጫዎች የትኛው ነው? «በጣም ጥሩ» ብዬ ልጻፍ? ሴትዮዋ መቀመጥ አቅቷቸው በጎናቸው ተደግፈው ነው የሚያዋሩኝ። በእኛ አገር «ጤናዬ መጥፎ ነው» ማለት አምላክን ማማረር ነውና ያንን መልስ ከአንደበታቸው መጠበቅ ከንቱ ነው። ጥያቄውን አቆይቼ ወደ ሥራቸው አለፍሁ።

ቀጥሎ የመልሱ ደረጃ መጣ፦ በፍጹም፣ በመጠኑ፣ በመካከለኛ፣ በጣም። «በመጠኑ» እና «በመካከለኛ» ለሳቸው አንድ ናቸው። ከጓሮ ሦስት የበቆሎ ፍሬ አስመጣሁና ነጠላቸው ላይ አኖርሁ። «እናቴ፣ ምንም ካላስቸገረዎ አያንሡ፤ ትንሽ ካስቸገረዎ አንድ ያንሡ፤ ከባሰ ሁለት፤ ካቃተዎ ሦስቱንም» አልኋቸው። ውሃ መቅዳት ስላቸው ሦስቱንም አነሡ። ማረም ስላቸው ሦስቱንም። ቡና መጥራት ስል አሰቡና አንድ አነሡ፤ «ቤቴ ቢመጡ ምን አለ፣ እኔ ነኝ መሄድ ያቃተኝ» አሉ። ስለ ቅዳሴ ስጠይቅ ፍሬዎቹን በመዳፋቸው ጨብጠው ዝም አሉ፤ እኔም ሦስት ብዬ ጻፍሁ። ስለ እንቅልፍ ስጠይቃቸው ግን ፍሬዎቹን መልሰው ነጠላው ላይ አስቀመጡ። «ስተኛማ ይመለሳል እኮ ልጄ፤ ሌሊቱን ነው ሰው የምሆን» አሉኝ። እውነት ነው፤ በጀርባ ሲተኙ የወረደው ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ እናት ማንም ሐኪም ሊሰጠው ከሚችለው የተሻለ መልስ ሰጡኝ፤ ጥያቄው በእጅ የሚጨበጥ ሆኖ ስለቀረበላቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ «አንቺ» ይባል ወይስ «እርስዎ»? በቢሮ የታተመ ቅጽ ብዙ ጊዜ «እርስዎ» ይላል። ለእኚያ እናት ልክ ነው። በ15 ዓመቷ የተዳረችን ልጅ ግን «እርስዎ» ብትዪያት ፍርድ ቤት የቆመች ይመስላታል፤ ትደነግጣለች። ቅጹ አንዱን ብቻ አትሞ ቢወጣም ጠያቂዋ እንደ ተጠያቂዋ ዕድሜና ሁኔታ እንድትለውጥ ሊፈቀድላት ይገባል፤ ይህም በሥልጠናው ላይ በግልጽ መነገር አለበት። ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት የሚጠይቀው ክፍልማ አማት ወይም ባል በተቀመጠበት ቤት ከቶ አይጠየቅም። የሚጠየቅበት ጊዜ አለው፤ ሴትየዋ ራሷ «እሱም ሸሸኝ» ብላ ስትጀምር ነው። ብዙዎቹ ይጀምራሉ፤ ጥቂት መታገሥ ነው።

ከባርበር ጥያቄዎች ውስጥ አንዷን በጣም እወዳታለሁ። ከብልትሽ የሚያብጥ ወይም የሚወርድ፣ የምታዪው ወይም የሚሰማሽ ነገር አለ ወይ የምትለዋን። ፍሬ ነገሩን ይዛለች፤ በአማርኛ ግን ሁለት ጊዜ «ወይም» ስትል ሴትየዋ የቱን እንደምትመልስ ትጠፋለች። ስትጸዳጂ፣ ሸክም ስታነሺ የሚወርድብሽ ነገር አለ ወይ ብለን በአንድ ትንፋሽ ብንጠይቅ መልሱ ይመጣል። የልምድ አዋላጇ «ወገብሽ ጸና?» ደግሞ ለመክፈቻ ትሁነን። ከእሷ ጀምሮ ወደ ሐኪሙ ጥያቄ መሻገር ይቻላል፤ እኔ ስሠራ የኖርሁት እንዲያ ነው፤ መልስ ያላገኘሁበት ቤት ጥቂት ነው።

በየዓመቱ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎችና ከዚሁ ከቡሬው ካምፓስ ተማሪዎች ቅጽ ይዘው ወደ ቀበሌዎቻችን ይመጣሉ። ልጆቻችን ናቸው፤ መምጣታቸውን እንወዳለን። አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ቅጹን ከማባዛታችሁ በፊት በቡሬ የገበያ ቀን ከበርበሬ ሻጮቹ መካከል አንዲት እናት ምረጡ፤ ጥግ ወስዳችሁ፣ ፈቃዷን ጠይቃችሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። «ምን አልሽ?» ያለችበትን ሁሉ አስምሩበት፤ እሷ በምን ቃል እንደምትለው ጠይቃችሁ ያንን ጻፉ። ሲኒማውን አውጥታችሁ ቅዳሴውን፣ ማድጋውንና ምጣዱን አስገቡ። ጠያቂዎቻችሁ ሴቶች ይሁኑ፤ ከወለዱ ደግሞ ይመረጣል። የታመመች ስታገኙ ቁጥሯን መዝግባችሁ ብቻ አትለፉ፤ የወጣ ማህፀን በቀዶ ሕክምና ይታከማል፣ ሽንት ማምለጥ በጡንቻ ልምምድ ይሻላል፣ ፊስቱላም ባሕር ዳር ላይ ሐኪም አለው ብላችሁ ንገሯት፤ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የምትሄድበትን ወረቀትም ከጤና ጣቢያው አስጽፉላት።